ወጣቶቻችን ማስታወቂያ መሥራትን ይማሩ

በተማሪዎች ማኅበር ጋዜጣ ላይ ስለ ትምህርት መጻፍ አዲስ ነገር አይደለም። የመምህራን ማነስ፣ የመጻሕፍት እጥረት፣ የፈተና ውጤት ማሽቆልቆል በየጊዜው እየተነሡ አከራክረውናል፤ ገናም ያከራክሩናል። እኔ ዛሬ ለአንባብያን የማቀርበው ሐሳብ ከነዚህ ጋር ሲመዛዘን ትንሽ ይመስል ይሆናል። ይኸውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ስለ ማስታወቂያ በቃል ብቻ ከሚነገራቸው ይልቅ ራሳቸው ማስታወቂያ እየሠሩ፣ ሰውን የማሳመን ጥበብ እንዴት ያለ ነገር እንደ ሆነ በእጃቸው ይወቁት የሚል ነው። ነገሩ ትንሽ ነው የሚለኝ ቢኖር እስከ መጨረሻው ታግሦ ያንብበኝና ከዚያ በኋላ ይፍረድ።

ማስታወቂያ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በየመንደሩ ጠላ መኖሩን የሚያስታውቀው፣ በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋው ጣሳ ማስታወቂያ ነው። በገበያ ቀን ነጋሪት እየተመታ የሚነገረው ዐዋጅም ማስታወቂያ ነበር። በመናኸሪያ ቆሞ «የሞላ! የሞላ! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ የሚጣራው ረዳትም ያው ነው። በነዚህ መካከል ግን ልዩነት አለ። ጣሳው የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጠላ አለ ይላል፤ መንገደኛው ገብቶ ጠላው መኖር አለመኖሩን ወዲያው ያረጋግጣል። ረዳቱ «አንድ ሰው ብቻ» ሲል ግን ሮጠን ስንገባ ግማሹ ወንበር ባዶ ሆኖ እናገኘዋለን። ሰውየው ዋጋ አልቀነሰልንም፤ መኪናውንም አላደሰልንም። «እንዳያመልጠኝ» የሚል ፍርሃት በልባችን ውስጥ ጣለና እግራችንን አፋጠነው። እንግዲህ የማሳመን ጥበብ ማለት ይህ ነው፤ ከዕቃው ላይ ምንም ሳይጨምር በገዢው ልብ ላይ ይጨምራል።

በመናኸሪያ የሚደርስብን ጉዳት ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ መጠበቅ ነው። ችግሩ የሚከፋው ወጣቱ የሚነገረውን ሄዶ ሊያረጋግጠው በማይችልበት ጊዜ ነው። ዛሬ በአምባሰል ወይም በተሁለደሬ የሚኖር የ16 ዓመት ልጅ የእጅ ስልኩን ሲከፍት በጥቂት ብር ብዙ ሺህ ብር እንደሚያገኝ የሚነግረው የውርርድ ቤት ይጠብቀዋል። በአንድ ወር ውስጥ ገንዘቡን የሚያባዛለት «የሥራ ዕድል» ይጠብቀዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ደላላው ይጠብቀዋል።

የደላላው ማስታወቂያ በሰሌዳ አይለጠፍም፤ በሬዲዮም አይነገርም። በሻይ ቤት ወንበር ላይ፣ በዝግታ፣ በወንድምነት ድምፅ የሚነገር ነው። «እገሌን አየኸው? በሁለት ዓመት ለእናቱ ቤት ሠራላቸው፤ ቆርቆሮውን አላየኸውም?» ይላል። ቆርቆሮው እውነት ነው። እናትየዋም አሉ። ነገር ግን በጅቡቲ በረሃ በውኃ ጥም የቀረው፣ በባሕር የሰጠመው፣ በየመን በአጋቾች እጅ የወደቀው ልጅ ለእናቱ ቤት ቆርቆሮ አላለበሰም፤ ስለዚህም በመንደሩ የሚታይ ምልክት የለውም። የተሳካለት ሰው ቤቱ ራሱ ማስታወቂያ ይሆንለታል፤ ያልተሳካለት ግን የሚያስታውቅለት የለውም። ልጁ የሚቆጥረው የሚታየውን ነውና ከአሥር አሥሩም የተሳካላቸው ይመስለዋል።

መንግሥት በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገሮች መሄድን አግዶ ነበር። ከዚያው ጊዜ ገደማ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ወደ አገራቸው መለሰች፤ ከነዚህም መካከል የወሎ ልጆች ብዙ ነበሩ። እገዳው በ2010 ዓ.ም. ተነሣ። እገዳው በነበረበት ዘመንም ሆነ ከዚያ በኋላ ጉዞው አልቆመም። ክልከላ መንገዱን ያጠብብ ይሆናል እንጂ የደላላውን አፍ አይዘጋውም። ለአፍ መልሱ የሚሰማው ጆሮ መማሩ ነው።

ይህን ለማስተማር ምሳሌ ከባሕር ማዶ ማስመጣት አያስፈልገንም። የአምባሰል ልጅ ከደጁ የሚማርባቸው ነገሮች አሉት።

የመጀመሪያው ግሸን ራሱ ነው። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ቁጥር ስፍር የሌለው ምእመን ዳገቱን እየወጣ የሚሳለምበትን ይህን አምባ የማያውቅ የለም። ግማደ መስቀሉ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በመስቀለኛው አምባ ላይ እንዳረፈ ቤተ ክርስቲያናችን ታስተምራለች። አምባው ግን ሌላም ታሪክ አለው። የነገሥታቱ ወንዶች ልጆችና ዘመዶች ለዙፋኑ እንዳይሻሙ ለብዙ ዘመን በዘበኛ ተጠብቀው የኖሩበት ግዞት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ ልዑላኑ ተራራና ስለ ጥበቃው ጽፏል። ወሬው አውሮፓ ከደረሰ በኋላ ግን መልኩን ለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1610 ሉዊስ ዴ ኡሬታ የተባለ የእስፓኝ መነኩሴ፣ ኢትዮጵያን በዓይኑ ሳያይ፣ ይህ አምባ ገነት የመሰለ የአትክልት ቦታና ወደር የሌለው ቤተ መጻሕፍት ያለበት ነው ብሎ መጽሐፍ አሳተመ። በአገራችን ለዓመታት የኖረው ፔድሮ ፓኤዝ የኡሬታን ወሬ ለማስተባበል ራሱን የቻለ ትልቅ መጽሐፍ ጻፈ። የፓኤዝ መጽሐፍ ግን እስከ 20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ድረስ ሳይታተም ተቀመጠ። በዚህ መካከል የእንግሊዙ ባለ ቅኔ ጆን ሚልተን እ.ኤ.አ. በ1667 ባሳተመው ታላቅ ግጥሙ የአማራን ተራራ አንዳንዶች ገነት ናት የሚሏት ቦታ አድርጎ አነሣት፤ ሳሙኤል ጆንሰንም እ.ኤ.አ. በ1759 ራሴላስ የተባለውን የሐበሻ ልዑል በደስታ ሸለቆ ውስጥ አስቀምጦ ልብ ወለድ ጻፈ። ግዞቱ ገነት ተብሎ ተሸጠ ማለት ነው። ያማረው ቃል በፈረስ ሲጋልብ ማስተባበያው በእግሩ ተከተለ፤ ያውም ከ280 ዓመት በላይ ዘግይቶ።

ሁለተኛው ውጫሌ ነው። የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በውጫሌ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመውን ውል ሁላችንም በታሪክ ትምህርት አጥንተነዋል። የአማርኛው 17ኛ አንቀጽ ዐፄ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚያደርጉት ግንኙነት በጣሊያን መንግሥት ሊረዱ ይችላሉ ሲል፣ የጣሊያንኛው ግን ግዴታ የሚያሰኝ ሆኖ ተጻፈ። ጣሊያንም ይህን ይዛ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ስትል ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ነገሩ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ተፈጸመ። አንድ ቃል ይህን ያህል ደም የሚያስከፍል ከሆነ፣ የዛሬው ወጣት ደላላው በቃል የነገረውንና በሥራ ውሉ ላይ የተጻፈውን ቃል በቃል እንዲያመሳክር ማስለመድ ትርፍ ሥራ ሊባል አይገባም።

ሦስተኛው ወሎ በረሃብ የተፈተነችበት ዘመን ነው። የአገራችን የቱሪዝም አባት የሚባሉት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ፀጋ» የሚለውን ስም ለኢትዮጵያ አወጡላት፤ ለውጭ አገር ሰው የቀረበው በእንግሊዝኛ «የ13 ወር የፀሐይ ብርሃን» ተብሎ ነው። ጥበበኛ ሥራ ነው፤ በጥቂት ቃላት አገር አሳውቋል። ተማሪ ግን ቢጠይቅ፣ «13 ወር አለን፤ ክረምቱስ የት ሄደ?» ማለት ይችላል። ማስታወቂያ ሁልጊዜ አይዋሽም፤ ሁልጊዜ ግን ይመርጣል። ይህ ሥዕል በውጭ አገር በሚታይበት በዚያው ዘመን፣ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ በረሃብ አለቀ። ረሃቡን ያመጣው ማስታወቂያ ነው አልልም፤ ነገር ግን ያማረውን ብቻ ማሳየት የለመደ መንግሥት የከፋውን መሸፈን አልከበደውም። በ1965 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያመጡትን ፎቶግራፍ በግቢው ባሳዩ ጊዜ ለተማሪው ሁለተኛው ሥዕል ተገለጠለት።

ከዚያም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀር፣ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በወሎ ረሃብ ላይ የሠራው ፊልም በቴሌቪዥን ታየ። ደርግ ፊልሙን ያሳየው እንዳለ አልነበረም፤ በረሃብተኛው ሥዕል መካከል የቤተ መንግሥቱን ግብዣና ድሎት እየሰነጉ አዋሐዱት። ረሃቡ እውነት ነበር፤ ግብዣውም እውነት ነበር፤ ሁለቱን ያጣበቀው መቀስ ግን የራሱን ሦስተኛ ነገር ተናገረ። ያ ሦስተኛ ነገር ትክክል ነበር አልነበረም የሚለውን ለታሪክ ተመራማሪዎች እተወዋለሁ። ለእኛ ትምህርቱ ሌላ ነው፤ በ1977 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ያው ደርግ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲያከብር ወሎና ትግራይ ዳግመኛ በረሃብ ላይ ነበሩ፤ በዚህ ጊዜ ግን ሁለቱን ሥዕል የሚያጣብቅ መቀስ በአገር ውስጥ አልተገኘም። መቀሱን የያዘው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ያልተማረ ተመልካች ለመጣው ሁሉ ያጨበጭባል።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልመለስ። እነዚህን ምሳሌዎች መምህሩ በሰሌዳ ላይ ጽፎ ተማሪው ቢገለብጣቸው በቂ አይደለምን? በቂ አይደለም እላለሁ። ለምን ቢባል፣ የማሳመንን ጥበብ የሚያውቀው የሠራው ሰው ነውና። ይህን አባቶቻችን ያውቁት ነበር። የቅኔ ተማሪ የሚማረው የሌላውን ቅኔ በመስማት ብቻ አይደለም፤ ራሱ እየዘረፈ ለመምህሩ ይነግራል፤ ይታረማል፤ ይነቀፋል፤ እንደገና ይቆጥራል። ሰምን በገዛ እጁ የሠራ ሰው በሌላው ሰም ውስጥ የተሸሸገውን ወርቅ ለማየት አይቸገርም። በ13ኛው ምዕተ ዓመት አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በሐይቅ እስጢፋኖስ ያስተማሩባት አገር ይህን የትምህርት ዘዴ ከሌላ መዋስ አይገባትም።

የዘመኑ ምርምርም ወደዚሁ ያመለክታል። ዊልያም ማክጓየር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ ሰው ለበሽታ እንደሚከተብ ሁሉ ለማታለያ ቃልም ሊከተብ ይችላል የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ ደከም ያለውን ማታለያ አስቀድሞ ያየና የመለሰ ሰው ብርቱው ሲመጣበት ይቋቋማል ማለቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚህ ሐሳብ ላይ ተመሥርተው አንድ የኮምፒዩተር ጨዋታ አወጡ። በጨዋታው ተጫዋቹ ራሱ የሐሰት ወሬ አምራች ይሆናል፤ ከተጫወቱትም ብዙዎቹ የሐሰት ወሬን መለየት እንደ ተሻላቸው ተመራማሪዎቹ ጽፈዋል። የቅኔ ቤቱ ዘዴ በሌላ ልብስ መጣ ማለት ይቻላል።

ሥራው እንዴት ይካሄድ? እኔ የማስበው በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለስድስት ሳምንት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ተማሪዎች በመንደራቸው የሰሙትንና ያዩትን ማስታወቂያ ሁሉ ሰብስበው ይመጣሉ፤ ጣሳውም፣ የረዳቱም ጥሪ፣ የስልኩም ይቆጠራል። በሁለተኛው በቡድን ተከፍለው ስለሚያውቁት ነገር፣ ስለ ሐይቅ ዓሣ ወይም ስለ ግሸን ንግሥ፣ ከ30 ቃል የማይበልጥ እውነተኛ ማስታወቂያ ይሠራሉ። በሦስተኛው ስለዚያው ነገር፣ ሳይዋሹ ነገር ግን ጉድለቱን እየሸሸጉ ሌላ ይሠራሉ። በአራተኛው አንዱ ቡድን ደላላ ሆኖ በክፍሉ ፊት ይቆማል፤ የቀረው ተማሪ ይሰማል። በአምስተኛው ክፍሉ ይጠይቀዋል፤ ስንት ሄደው ስንቱ ተመለሱ? ገንዘቡን የሚቀበለው ማን ነው? ውሉ በማን ቋንቋ ተጻፈ? በስድስተኛው እያንዳንዱ ቡድን ለመንደሩ ይጠቅማል ብሎ ስላመነበት ጉዳይ ማስታወቂያ ሠርቶ በወላጆች ስብሰባ ላይ ያሰማል።

ከሁሉ የሚበልጠው ደንብ ይህ ነው፤ ማንኛውም ቡድን ማስታወቂያውን ሲያቀርብ «ያልተነገረው» የሚል ርእስ ያለው ሌላ ወረቀት አብሮ ያቀርባል። የግሸንን ንግሥ ያስተዋወቀ ቡድን ዳገቱን፣ የሌሊቱን ብርድ፣ የመኝታውን ማነስ በዚያ ወረቀት ላይ ይጽፋል። ማርኩም ለማስታወቂያው ማማር ብቻ ሳይሆን ለዚህ ወረቀት ሙሉነት ጭምር ይሰጣል። ይህን ለስድስት ሳምንት የለመደ ልጅ፣ ደላላው ሲናገር ሁለተኛውን ወረቀት በልቡ መጻፉ አይቀርም።

ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። አንዳንዱ «ልጆቻችንን ውሸት ልታስተምሩ ነውን?» ይል ይሆናል። መድኃኒት ዐዋቂ መርዙንም ያውቃል፤ ባያውቀው ኖሮ በሽተኛውን በገደለው ነበር። ደግሞም የንግድ ሥራ ነውርና ክብር ያለው መሆኑን የሚማሩት በዚሁ ነው። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ እውነተኛና የማያሳስት እንዲሆን ያዛል፤ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ ከልክሏል። እነዚህን ሕጎች በክፍል ውስጥ ማንበብና በራስ ሥራ ላይ መመዘን ለሥነ ምግባር ትምህርት የሚጠቅም እንጂ የሚጎዳ አይሆንም።

ሌላው «በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.2 ከመቶ ብቻ በሆኑበት አገር ማስታወቂያ ቅንጦት ነው» ይላል። ይህ ከባድ ተቃውሞ ነው፤ ነገር ግን እኔ አዲስ የትምህርት ዓይነት ይጨመር አላልኩም። አመዛዛኝ ድርሰት በአማርኛ ትምህርት ውስጥ የታወቀ ነገር ነው፤ የማስታወቂያው ሥራም በዚያው ክፍለ ጊዜ ይካተት። በ30 ቃል ውስጥ እያንዳንዱን ቃል እየመዘነ የሚጽፍ፣ የሰማውንም በጥያቄ የሚፈትን ተማሪ ለፈተና የሚያስፈልገውን ማስተዋል እየተለማመደ ነው። ትእዛዙን በወጉ ያላነበበ ተማሪ በፈተና አዳራሽ እንደሚወድቅ መምህራን ያውቃሉ።

ሦስተኛው ስለ መሣሪያ ይጠይቃል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በወሎ ሲያልፍ ብዙ ተማሪ ቤቶች ተጎድተዋል። ስለዚህም ነው ካሜራና ኮምፒዩተር የማይጠይቅ ዘዴ ያቀረብኩት። ጠመኔ፣ ወረቀትና የሰው ድምፅ ይበቃዋል።

በመጨረሻም «ወጣቱን የሚያሰድደው ሥራ ማጣት እንጂ ማስታወቂያ አይደለም» የሚለኝ ይኖራል። ከዚህ ሰው ጋር ብዙ አልጣላም። መሬት የጠበበበትና ሥራ ያጣ ልጅ ማስታወቂያ መፍታት ቢችል ፍችው እንጀራ አይሆንለትም። ሥራ መፍጠር የመንግሥትና የባለ ሀብት ግዴታ ነው፤ ማንም በትምህርት ስም ከዚህ ግዴታ ሊሸሽ አይገባውም። ነገር ግን የሚሄደውም ቢሆን ዋጋውን አውቆ ይሂድ፤ የሚቀረውም አውቆ ይቅር። ድኻ ሰው ያለው ገንዘብ ትንሽ ስለ ሆነ በአንድ ስሕተት የሚያጣው ሁሉንም ነው፤ ስለዚህ ከሀብታም ይልቅ ማስተዋል የሚያስፈልገው ለእርሱ ነው።

ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ እንግዲህ አጭር ነው። በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች አንድ ዓመት ሙሉ በየጠቅላይ ግዛቱ እየሄዱ አስተምረዋል። እኛ ዓመት አልተጠየቅንም። ክረምት ሲመጣ ወደየአገራችን መግባታችን አይቀርም። ሰላሙ በሚፈቅድበት ቦታ ሁሉ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በአምባሰልና በተሁለደሬ፣ ሁለት ሁለት ሆነን ስድስት ሳምንት እናስተምር። የትምህርት ክፍል መምህሮቻችን ደግሞ ከ20 ገጽ የማይበልጥ መምሪያ አዘጋጅተው ይስጡን፤ ማባዣው በማኅበሩ ቢሮ አለ። ከመሄዳችን በፊት የየተማሪ ቤቱን ርእሰ መምህርና የአማርኛ መምህራን እናማክር፤ እነርሱ ካላመኑበት ከክረምት በኋላ የሚቀጥለው የለም።

ይህን ሐሳብ የሚቃወም፣ ወይም ከዚህ የተሻለ ያለው ጓድ ወይም መምህር ቢኖር በሚቀጥለው እትም ይጻፍ። እኔም ማሳመን ፈልጌ የጻፍኩ ነኝና ጽሑፌን ከላይ በተነገረው ደንብ መርምሩት፤ ያልተናገርኩት ምን እንደ ሆነ ጠይቁ። ጥያቄው ከበረታብኝ ሐሳቤ ይታረማል። ካልበረታብኝ ግን ክረምቱ ሩቅ አይደለምና ስም መመዝገብ እንጀምር።